«ገና ሳንጋባ ፍቺ አሰብሽ?»

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ስሆን በአንድ የግል ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። በ20/80 ፕሮግራም ዕጣ የወጣልኝ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ፤ አከራይቼዋለሁ፤ የባንክ ዕዳውን ገና በየወሩ እየከፈልኩ ነው። እጮኛዬ ከታናሽ ወንድሙ ጋር መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ከዚህ በፊት አግብቶ የፈታ ሲሆን የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ሽማግሌ ተልኮ ቤተሰቤ ፈቅዷል፤ ሰርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። ታላቅ ወንድሜ «ቤትሽን የሚያስጠብቅ የጋብቻ ውል ሳትፈርሚ እንዳታገቢ» ይለኛል። ነገሩን ለእጮኛዬ ሳነሳለት ግን «ገና ሳንጋባ ፍቺ አሰብሽ?» ብሎ ተቀየመኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንስተነው አናውቅም። ሁለቱንም ማስቀየም አልፈልግም። ምን ባደርግ ይሻላል?
ት. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ወንድምዎ ስለ ቤቱ መስጋታቸው፣ እጮኛዎም በቃሉ መከፋታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል። በሰርጋችሁ ዕለት ስለ ንብረት አንዲት መስመር ሳትጽፉ ብትጋቡ እንኳ፣ የንብረት ግንኙነታችሁ ያለ ደንብ አይቀርም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ዝም ላሉ ባልና ሚስት ሁሉ የሚሠራ ዝርዝር ደንብ አስቀምጧል። ስለዚህ እናንተ የምትወስኑት ይህ የሕግ ደንብ እንዳለ ይግዛን ወይስ በአንዳንዱ ጉዳይ ላይ እኛ የተስማማንበት ይተካው የሚለውን ነው። ይህን ለመወሰን ደግሞ አስቀድሞ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ እጮኛሞች ሕጉን ሳያዩ በውሉ ስም ይጣላሉና።

ከቤቱ እንጀምር። ሕጉ ከተጋቢዎች እያንዳንዱ በጋብቻው ዕለት የነበረው ንብረት፣ እንዲሁም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለእሱ ብቻ የደረሰው ንብረት የግሉ ሆኖ እንደሚቀር በግልጽ ይደነግጋል። ስለዚህ ከጋብቻ በፊት ዕጣ ወጥቶልዎ ውል የተዋዋሉበት ኮንዶሚኒየም በማግባትዎ ብቻ ግማሹ ወደ ባለቤትዎ አይሄድም። ወንድምዎ የሰጉለት ነገር በአብዛኛው ያለ ውልም የተጠበቀ ነው ማለት ነው። ሥጋት መኖር ካለበት ከቤቱ ይልቅ በቤቱ ዙሪያ ስለሚንቀሳቀሰው ገንዘብ መሆን አለበት።

ይኸው ሕግ ባልና ሚስቱ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ ብቻ ሳይሆን ከግል ንብረታቸው የሚገኘው ገቢም የጋራ ሀብት እንደሚሆን ያዛል። ይህ ማለት ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ የእርስዎ ደመወዝ፣ የእጮኛዎ የሱቅ ትርፍ፣ እንዲሁም ከኮንዶሚኒየሙ በየወሩ የሚሰበሰበው ኪራይ የሁለታችሁ ነው ማለት ነው። የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ ከጋብቻ በኋላ የሚከፍሉት ከደመወዝዎ ወይም ከኪራዩ ስለሚሆን፣ የግልዎ የሆነው ቤት ዕዳ በጋራ ገንዘብ እየተቃለለ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ አለመግባባት ቢመጣ «ቤቱ የእሷ ቢሆንም ዕዳው የተከፈለው በጋራ ገንዘባችን ነውና ድርሻዬ ይታሰብልኝ» የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም፤ ክርክሩም መሠረት የሌለው አይደለም። እርስዎ የባንክ ሰው ስለሆኑ ይህን በቁጥር ማየት አይከብድዎትም፦ በሰርጉ ዕለት የቀረውን ዕዳ መጠን የሚያሳይ የሂሳብ መግለጫ ከባንኩ ማውጣትና ከቤቱ ሰነዶች ጋር ማስቀመጥ፣ ውል ቢኖርም ባይኖርም፣ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ወደፊት ኮንዶሚኒየሙን ሸጠው ሰፋ ያለ ቤት ልግዛ ቢሉ፣ አዲሱ ቤት በቀጥታ የግልዎ አይሆንም። በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት የግል ሆኖ የሚቀጥለው ፍርድ ቤት በጠያቂው አመልካችነት ይህንኑ ሲወስን ነው። ከዚያ በተረፈ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የሚገኝን ንብረት ሁሉ፣ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን የማስረዳት ሸክሙን ይሸከማል። ካርታው በእኔ ስም ነውና ማን ይነካዋል ብለው ተማምነው የኖሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ደርሰው የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወንድምዎ ወዳላነሱት ጉዳይ ልለፍ፤ በእኔ ግምት ከቤቱ ይልቅ የሚያሳስበው እሱ ነውና። ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው በመለዋወጫው ሱቅ ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ የሚነግድ ሰው ሀብትና ዕዳው አብረው ነው የሚሄዱት፤ ዕቃ በዱቤ ይገባል፣ ቀኑ ወደፊት የሆነ ቼክ ይሰጣል፣ ዕቁብ ይጣላል። እጮኛዎ በአንድ ትልቅ ዕቁብ ዕጣው አስቀድሞ ደርሷቸው ገንዘቡን ለዕቃ ማስገቢያ አውለውት እንደሆነ፣ ከሰርጉ በኋላ በየሳምንቱ የሚከፍሉት መዋጮ ያለፈ ዕዳ ነው፤ የሚከፈለው ግን ከጋራ ገንዘባችሁ ነው። ለጓደኛቸው ዕቁብ ዋስ ሆነው ፈርመው እንደሆነም እንዲሁ። ሕጉ የአንደኛው ተጋቢ የግል ዕዳ በቅድሚያ ከግል ሀብቱ፣ ያ ካልበቃ ደግሞ ከጋራ ሀብቱ እንዲከፈል ይፈቅዳል። ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ ነው ከተባለ ግን ሁለታችሁም በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂዎች ትሆናላችሁ፣ ማለትም አበዳሪው ሙሉ ዕዳውን ከማናችሁም ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ዕዳው የእርስዎን የግል ኮንዶሚኒየም ጭምር ሊከተል ይችላል። ወንድምዎ በበሩ ሲጠብቁ ነገሩ በዚህ መስኮት ሊገባ እንደሚችል ያስተውሉ።

ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ለሚመጣ ዕዳ ሕጉ በቂ ባይሆንም መከላከያ አስቀምጧል። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማከራየትም ሆነ በመያዣነት ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለሌላ ሰው ዕዳም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። (500 ብር በ1992 ዓ.ም. ምን ያህል ይገዛ እንደነበርና ዛሬ ምን እንደሚገዛ የምናውቅ ሰዎች፣ ገደቡ አሁን ከሞላ ጎደል ማንኛውንም ብድር እንደሚነካ እንረዳለን።) ያለ ስምምነት የተደረገውን ውል ሌላኛው ተጋቢ ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ይሁንና ይህ ሁሉ የሚያገለግለው ከጋብቻ በኋላ ለሚገባ ግዴታ እንጂ ከጋብቻ በፊት ለተፈረመው አይደለም።

ስለሆነም ሊዋዋሉ ከሆነ የውሉ ዋና ክፍል ከቤቱ ባለቤትነት ይልቅ የሁለታችሁ የሀብትና የዕዳ ዝርዝር ቢሆን እመክራለሁ። በሰርጉ ዕለት በየባንክ ሂሳባችሁ ስንት ነበረ፣ የኮንዶሚኒየሙ ቀሪ ዕዳ ስንት ነው፣ ሱቁ ውስጥ በቆጠራ የተገኘው ዕቃ በግዢ ዋጋው ምን ያህል ነው፣ ከዚያ ውስጥ የእጮኛዎ ድርሻ ስንት የወንድማቸው ስንት ነው፣ ማን ያበድራቸዋል፣ እነሱስ ለማን አበድረዋል፣ በየትኛው ዕቁብ ስንት ይቀራቸዋል የሚለው ሁሉ በጽሑፍ ይስፈር። እዚህ ላይ ወንድማማቾቹ ሱቁን በቃል ስምምነት ብቻ የሚሠሩ ከሆነ፣ የእናንተ የጋብቻ ውል ወንድሙ ባልተስማሙበት ነገር ወንድሙን እንደማያስገድድ ይወቁ። በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል ድርሻቸውን የሚወስን የተለየ ሰነድ እንዲኖር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለእነሱም የሚበጅ ነው።

ስለ ኪራዩ የግል አስተያየቴን ልስጥ። ኪራዩ ሙሉ በሙሉ የግሌ ይሁን ብለው ቢከራከሩ ሕጉ በውል ይህን ከማድረግ አያግድዎትም፤ ነገር ግን እጮኛዎም በበኩላቸው የሱቁ ትርፍ የግሌ ይሁን ቢሉ መልስ አይኖርዎትም፤ ሁለታችሁም ገቢያችሁን ለየብቻ ይዛችሁ ቤት የሚያቆመው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ይልቁንስ ኪራዩ በቅድሚያ ለቤቱ የባንክ ዕዳ እንዲውል፣ የሚተርፈው ወደ ቤት ወጪ እንዲገባ፣ ይህም ክፍያ በቤቱ ባለቤትነት ላይ ለባለቤትዎ ድርሻ እንደማይሰጥ፣ በአንጻሩ የሱቁ ካፒታል በሰርጉ ዕለት በተቆጠረው መጠን የእጮኛዎ የግል ሆኖ እንዲቀጥል ብትስማሙ ለሁለታችሁም የሚመጥን ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ የሚገኘው ትርፍና ደመወዝ ሕጉ እንዳለው የጋራ ይሁን። ገንዘብን ሁሉ ለሁለት ከፍሎ የሚያጥር ውል እምብዛም አልወድም፤ ልጅ ወልዳ ለጥቂት ዓመታት ከሥራ የምትርቅ ሴት በእንዲህ ዓይነቱ ውል ራሷን ስትጎዳ ይታያል፤ እርስዎም ይህን ከወዲሁ ያስቡበት።

ውሉ የማይችለውም ነገር አለ። ሕጉ ከንብረት ባሻገር ተጋቢዎች በግል ግንኙነታቸው ስላላቸው መብትና ግዴታ እንዲዋዋሉ ይፈቅዳል፤ ሆኖም አስገዳጅ የሆኑትን የሕግ ድንጋጌዎች የሚጥስ ቃል ዋጋ የለውም። ወደፊት ስለምትወልዷቸው ልጆች አስተዳደግና ቀለብ አሁን የምትጽፉት ነገር ፍርድ ቤቱን አያስርም፤ ፍርድ ቤት የሚመለከተው የልጁን ጥቅም ነውና። እንዲሁም የእጮኛዎ ሴት ልጅ ከአባቷ ቀለብ የማግኘት መብቷ በእናንተ ውል አይቀነስም፤ ገንዘቡ ከቤታችሁ ገቢ እንደሚወጣ አውቀው፣ መጠኑንም ጠይቀው ይግቡ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ባል ወይም ሚስት ያለ ኑዛዜ የሟች ወራሽ አይደሉም። ባለቤትዎ ቢሞቱ እርስዎ ከጋራው ሀብት ግማሹን እንደ ባለድርሻ ይወስዳሉ፤ የእሳቸው ግማሽና የግል ሀብታቸው ግን ለልጆቻቸው ነው። እርስዎም ልጅ ሳይወልዱ ቢሞቱ ኮንዶሚኒየሙ ለወላጆችዎ፣ እነሱ ከሌሉ ለወንድምና እህቶችዎ እንጂ ለባለቤትዎ አይደርስም። እዚህ ላይ ንብረቱ የግል ነው የጋራ የሚለው ጥያቄ ፍቺ ሳይኖር ይመጣል፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ በእንጀራ እናትና በልጅ መካከል። የጋብቻ ውል ኑዛዜን አይተካም፤ ሁለታችሁም ኑዛዜያችሁን ለየብቻ ብትጽፉ መልካም ነው። ለእጮኛዎ «ፍቺ አሰብሽ» ላሉት ግን ትክክለኛው መልስ ከዚሁ ይገኛል፦ ውሉ የልጃቸውን ድርሻ ከእርስዎ ድርሻ ጋር እንዳይደባለቅ የሚጠብቅ ሰነድ ነው።

ውሉ የሚጸናው በጽሑፍ ሲሆንና አራት ምስክሮች፣ ሁለት በባል ሁለት በሚስት በኩል፣ ሲፈርሙበት ነው። መደረግ ያለበትም ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ባልና ሚስት በመካከላቸው የሚያደርጉት ውል፣ የቀድሞውን ማሻሻልም ጭምር፣ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ «አሁን እንጋባ፣ በኋላ እንጽፋለን» የሚለው ቃል ስለዚህ ቀላል አይደለም። ፊርማውን በውልና ማስረጃ ፊት ማድረግ ወደፊት የሚነሳን ክህደት ይከላከላል፤ ቅጂውም ጋብቻችሁን በምታስመዘግቡበት ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ አድርጉ። ምስክሮች ሲመርጡ ሚዜዎችዎን ብቻ አይመልከቱ፤ የተረጋጉ፣ አገር ውስጥ የሚኖሩ፣ ነገ ቢጠሩ የሚገኙ ሰዎች ይሻላሉ። ታላቅ ወንድምዎን ከእርስዎ ወገን ምስክሮች አንዱ ቢያደርጓቸው፣ ውሉን የሚያረቅቁት እሳቸው ሳይሆኑ እናንተ መሆናችሁንም በትሕትና ቢነግሯቸው ቅያሜ የሚቀር ይመስለኛል። ይህን ሁሉ የምጽፈው በአዲስ አበባ ለምትጋቡት ለእናንተ ነው፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን አብዛኞቹ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል የሚጋቡ አንባቢዎቻችን የየክልላቸውን መመልከት አለባቸው።

ጉዳዩን እንዴት ያንሱት ወደሚለው ልመለስ። ጉዳዩን በወንድምዎ ስም አያንሱት፤ «ወንድሜ ፈርሚ አለኝ» የሚለው ቃል ለእጮኛዎ የቤተሰብ ጥርጣሬ ሆኖ ይሰማቸዋል። በሽማግሌም አይላኩት፤ ሽማግሌ የገባበት የገንዘብ ጥያቄ ከጥሎሽ ክርክር ጋር ይምታታል። ይልቁንስ እርስዎ ራስዎ የባንክ ዕዳዎን መግለጫ፣ የደመወዝዎንና የቁጠባዎን መጠን፣ በሥራ ቦታዎ የወሰዱት ብድር ካለ እሱንም ይዘው ይቅረቡና «እኔ ይህ አለኝ፣ ይህም አለብኝ፤ ስንጋባ ሁለቱንም አውቀህ ነው የምትወስደኝ» ይበሏቸው። ሰው የራሱን ዕዳ መጀመሪያ ሲዘረጋ፣ ሌላው እንደተመረመረ ሳይሆን እንደታመነ ይሰማዋል። ደግሞ ውል ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚሉ ከሆነ፣ በሰማንያ የተጋቡት አያቶቻችን ሽማግሌ ሰብስበው፣ ከሁለቱም ወገን ዋስና እማኝ አቁመው፣ የሙሽራውንና የሙሽራዪቱን ከብት በስም ጠርተው ይዋዋሉ እንደነበር ያስታውሷቸው፤ ማንም ፍቺ አሰባችሁ አላላቸውም።

ረቂቁን አንድ የሕግ ባለሙያ ለሁለታችሁ ጽፎ ከማስፈረም ይልቅ፣ እጮኛዎም የራሳቸውን የሕግ አማካሪ አሳይተው እንዲፈርሙ ጊዜ ይስጧቸው። ይህን ሁሉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ብትጨርሱ ጥሩ ነው። ድግስ እየተደገሰ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ የጥሪ ወረቀት ተበትኖ የሚቀርብ ውል፣ ይዘቱ መልካም ቢሆን እንኳ፣ ማስገደድ ይመስላል፤ ወደፊትም «ተጣድፌ ነው የፈረምኩት» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። በዚያው ሰሞን የሚመጡ ስጦታዎችንም አይርሱ፤ ለሁለታችሁ በአንድነት የሚሰጥ ገንዘብና ዕቃ፣ ሰጪው ሌላ ካላለ፣ የጋራ ነው፤ ከሰርጉ በፊት ለእርስዎ በጥሎሽ የሚመጣው ወርቅ የግልዎ መሆኑን በዝርዝሩ ውስጥ በአንድ መስመር ማስፈር ይበቃል።

እጮኛዎ በመጨረሻ አልፈርምም ቢሉስ? በዚህ ብቻ ጋብቻውን አያፍርሱ። ሕጉ ዝም ላሉ ተጋቢዎች ያስቀመጠው ደንብ ክፉ አይደለም፤ የቤትዎን ሰነዶች፣ የዕጣ ደብዳቤውን፣ ከሰርጉ በፊት ያለውን የክፍያ ታሪክ በሙሉ አሰባስበው በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ወደፊት ቤቱን ለመሸጥ ወይም ለማስተላለፍ ውልና ማስረጃ ሲሄዱ የጋብቻ ሁኔታ መጠየቁ ስለማይቀር ያኔም ይጠቅምዎታል። ነገር ግን ውል አለመፈረምና ሀብትና ዕዳን አለማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለት ነገሮችን ያለ ውልም ቢሆን ከጋብቻ በፊት ማየት መብትዎ ነው። አንደኛው ከላይ የጠቀስኩት የሱቁ ዕዳ ነው። ሁለተኛው፣ ደብዳቤዎ ዝም ብሎ ያለፈው፣ የቀድሞው ጋብቻቸው የፍቺ ውሳኔ ነው። ፍቺው በፍርድ ቤት መወሰኑን ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉም መጠናቀቁን የሚያሳይ የውሳኔ ግልባጭ ይጠይቁ፤ ሱቁ በቀድሞው ጋብቻ ውስጥ የተቋቋመ ወይም ያደገ ከሆነና ክፍፍሉ ያልተቋጨ ከሆነ፣ የቀድሞ ባለቤታቸው በሱቁ ውስጥ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል፤ እርስዎም የእጮኛዬ ነው ብለው በሚያስቡት ንብረት ላይ ገና ያልተዘጋ መዝገብ ይዘው ይገባሉ። ግልባጩ እስኪመጣ ሰርጉ አንድ ወይም ሁለት ወር ቢገፋ ለሽማግሌዎቹ ምክንያቱን መናገር ይቻላል።